ለኮከቡ ማን ይንገረው?

የሊቨርፑሉ ሳላህና አሰልጣኙ ስሎት ከተጋጩ ወዲህ ጎንደር ፒያሳ ኳስ የምናይበት ቤት ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ሳላህ ጨርሷል አሰልጣኙ ልክ ነው ይላል፣ ግማሹ ደሞ በ2024/25 ሲዝን ሊጉን ተሸክሞ ዋንጫ ያበላ ሰውዬ እንዴት ወንበር ላይ ይቀመጣል ብሎ ይጮሃል፣ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ እንከራከራለን። እኔ ግን ክርክሩ ሁሌም አንድ ነገር ይጎድለዋል እላለሁ። ደክሟል አልደከመም የሚለውን ሜዳው ራሱ በሁለት በሦስት ጨዋታ ይመልሰዋል፣ ማንም ሊደብቀው አይችልም። ከባዱ ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ አንድ ሰው ሄዶ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ወንድሜ፣ ድሮ የምትሮጠውን አሁን አትሮጥም፣ ስለዚህ ከቅዳሜ ጀምሮ እንዲህ እናደርጋለን» ማለት አለበት። ያ ሰው አሰልጣኙ ነው፣ በቃ። ክለቡም ጋዜጠኛውም ደጋፊውም ሊያደርግለት አይችልም። ብዙ አሰልጣኝ ታክቲክ ያውቃል፣ ልምምድ ያውቃል፣ እዚች ላይ ሲደርስ ግን ይፈራል፣ ስለሚፈራም ዝም ይላል፣ ዝም ሲል ደሞ ኮከቡ ዜናውን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሰላለፍ ያነባል።

ይሄን ሳስብ ሁሌ የሚመጣብኝ ታሪክ ከኛ ኳስ አይደለም፣ ከአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው። የአጎቴ ልጅ ዴንቨር ነው የሚኖረው፣ ኤርፖርት ይሰራል፣ እዛ ሀበሻው ብዙ ነው፣ እሱም እንደ አገሬው የከተማዋ ቡድን የብሮንኮስ ደጋፊ ሆኖ ቀረ። ለጥምቀት መጥቶ እኛ ቤት ባረፈ ጊዜ ስልኩን እያሳየ ሌሊቱን ሙሉ ስለ አንድ ሰውዬ አወራኝ፣ መጀመሪያ ምንም አልገባኝም ነበር፣ ሰዎች ይላተማሉ ይወድቃሉ፣ ዳኛ ያፏጫል፣ ደሞ ይሰለፋሉ። ቀስ እያለ ግን ገባኝ። ኳርተርባክ የሚሉት ልጅ ኳሷን ከመሃል ይቀበላል፣ ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች ሊጥሉት እየመጡበት በሁለት በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር ይወስናል። አስር ቁጥርም አምበልም ግማሽ አሰልጣኝም እሱ ነው። ቡድኑ የሚሰራው በሱ ዙሪያ ነው፣ እሱ ሲደክም ታዲያ መደበቂያ የለም።

ሰውዬው ፔይተን ማኒንግ ነው። አምስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፣ ያንን ያደረገ ሌላ ሰው የለም። 14 ዓመት ኢንዲያናፖሊስ ነበር፣ ከዛ አንገቱ ላይ ተደጋጋሚ ኦፕራሲዮን ተደረገለትና በፈረንጆቹ የ2011ን ሲዝን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ፣ ክለቡም በ2012 አሰናበተው፣ ዴንቨር ወሰደው። ጣቶቹ ላይ ስሜቱ እንደድሮው አልተመለሰም ነበር፣ ኳስ ለሚወረውር ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እሱ ግን በ2013 በአንድ ሲዝን 55 የታችዳውን ኳስ፣ የነሱ ጎል በሉት፣ ወረወረ፣ በጠቅላላው 5,477 ያርድ፣ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያነሰ ነው፣ ሁለቱም የሊጉ ሪከርድ ሆኑ። ክንዱ ሲደክም በጭንቅላቱ ተካው። የተቃራኒውን አሰላለፍ አይቶ ኳሷ ከመነሳቷ በፊት «ኦማሃ! ኦማሃ!» እያለ እየጮኸ ጨዋታውን እዛው ቆሞ ይቀይረዋል፣ አሰልጣኝ ከጎን ሆኖ የላከውን ሳይቀር ይሰርዛል።

በ2015 ጋሪ ኩቢያክ የሚባል አሰልጣኝ መጣ። የዚህን ሰውዬ ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ተጫዋች በነበረ ጊዜ ዘጠኝ ሲዝን እዛው ዴንቨር ውስጥ የጆን ኤልዌይ ተቀያሪ ነበር፣ ኤልዌይ ማለት የከተማዋ ጣኦት ነው፣ እና ኩቢያክ ያንን ሁሉ ዓመት ከወንበር ላይ ሆኖ ነው ኮከብ ምን እንደሆነ የተማረው። ያ ኤልዌይ ደሞ ያኔ የክለቡ ሃላፊ ሆኖ አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። ችግሩ የኩቢያክ አጨዋወት ነው። እሱ የሚፈልገው ኳርተርባክ ኳሷን ከመሃል ተጠግቶ ተቀብሎ፣ ጀርባውን ለተከላካይ ሰጥቶ፣ ወደ ጎን እየሮጠ የሚወረውር ነው። ማኒንግ ደሞ ዕድሜ ልኩን ወደኋላ ርቆ ቆሞ ሜዳውን ሙሉ እያየ ነው የተጫወተው፣ 39 ዓመቱ ነው፣ አንገቱ ተጎድቷል፣ እግሩ መሮጥ እምቢ ብሏል፣ ደሞዙንም ከ19 ሚሊዮን ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ቀንሰውበት ነው ሲዝኑን የጀመረው። እና አንዱ የኔን መንገድ ልመድ ይላል፣ ሌላው እኔን ታዋቂ ያደረገኝን መንገድ ለምን ትቀማኛለህ ይላል። መሃል ላይ ተገናኙ፣ ትንሽ ወደኋላ ቆሞ ለሩጫውም ለውርወራውም የሚሆን አቋቋም አገኙ፣ ቡድኑም ያሸንፍ ነበር፣ ግን የሚያሸንፈው በተከላካዮቹ ነው እንጂ በማኒንግ አልነበረም፣ ኳሷን በየጨዋታው ይቀሙት ነበር። ሰው ሁሉ ያያል። ማንም አይናገርም።

ኖቬምበር 15 ቀን 2015 ከካንሳስ ሲቲ ጋር ተጫወቱ፣ በሜዳቸው። የዛን ቀን ማኒንግ በሊጉ ታሪክ ብዙ ያርድ የወረወረ ሰው ሆነ፣ 71,838 የነበረውን የብሬት ፋቭርን ሪከርድ ሰበረ። የዛኑ ቀን፣ እዛው ጨዋታ ላይ፣ ከ20 ውርወራ 5 ብቻ ነው የተያዘለት፣ 4ቱን ተቃራኒ ቀማው፣ በጠቅላላው 35 ያርድ። በሦስተኛው ሩብ ኩቢያክ አስወጣው። የአጎቴ ልጅ ይሄን ሲነግረኝ ድምፁ ተቀየረ፣ ሪከርድ የሰበረውን ሰውዬ በሰበረበት ቀን ደጋፊው ፊት ማስወጣት። እኔም ይሄ አሰልጣኝ ጨካኝ ነው ማለት ነው ብዬ ነበር፣ ቀጥሎ የሆነውን እስክሰማ ድረስ።

ኩቢያክ ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ጥፋቱን ራሱ ላይ አደረገ። ልጁ እግሩንም ጎድኑንም ታሞ ነበር፣ ማሰለፍ አልነበረብኝም፣ በራሴ ነው ያዘንኩት አለ። ተጫዋቹን አላሳጣውም። በማግስቱ ደሞ በቀጥታ ተናገረ፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ ወጣቱ ብሮክ ኦስዋይለር ነው የሚሰለፈው። እናያለን፣ እንወስናለን፣ በጨዋታው ቀን ታውቁታላችሁ የሚባል ነገር የለም። ኦስዋይለርም ገብቶ ቺካጎን አሸነፈ፣ ቀጥሎ እስከዛ ቀን አንድም ያልተሸነፈውን ኒው ኢንግላንድን በበረዶ ውስጥ በጭማሪ ሰዓት 30 ለ 24 ጣለ። ከተማው ዘመኑ ተቀየረ አለ። ማኒንግ እግሩን እያስታመመ ቆየ፣ ሲሻለው ደሞ ተቀያሪ ሆኖ ማልያውን ለበሰ። ከ1998 ጀምሮ በሊጉ ሲጫወት ከወንበር ተነስቶ ገብቶ አያውቅም፣ አንድም ቀን። ይሄ ሰውዬ ጋዜጠኛ ጋ ሄዶ አልተከበርኩም አላለም፣ ቁጭ አለ።

የመደበኛው ሲዝን የመጨረሻ ጨዋታ ጃንዋሪ 3 ቀን 2016 ከሳንዲያጎ ጋር ነበር። ቡድኑ ኳሷን ደጋግሞ እየጣለ እየተመራ ነው። በሦስተኛው ሩብ ኩቢያክ ዞሮ ማኒንግን አየው፣ አስገባው። ስታዲየሙ ተናወጠ። አሸነፉ፣ 27 ለ 20፣ ከምድባቸው አንደኛ ሆነው ወጡ፣ ከዛ በኋላ ማኒንግ ነው የቀጠለው፣ ፌብሩዋሪ 7 የሊጉን ፍፃሜ፣ ሱፐር ቦውል 50ን፣ 24 ለ 10 በሉ። በፍፃሜው ማኒንግ ተአምር አልሰራም፣ 141 ያርድ ብቻ ነው የወረወረው፣ ዋንጫውን ያመጣው የነ ቮን ሚለር ተከላካይ መስመር ነው፣ ኩቢያክም ከሱ ተአምር አልጠየቀውም። ኳሷን አትጣል፣ ተረጋጋ፣ ተከላካዮቹ ስራቸውን ይስሩ ነው። ያ በፊት በአንድ ሲዝን 55 የወረወረ ሰውዬ ይሄን ትንሽ ስራ ተቀበለ። ከወር በኋላ ጫማውን ሰቀለ።

እዚህ ላይ ግን ሁሉም ደስ ብሎት ጨረሰ ብዬ አልዋሽም። ወጣቱ ኦስዋይለር አለ። ሰባት ጨዋታ ቡድኑን ይዞ፣ ኒው ኢንግላንድን ጥሎ፣ ከዛ ጥፋቱ ሁሉ የሱ ባልሆነበት ጨዋታ መሃል ላይ ወጣ፣ ፍፃሜውንም ከወንበር አየው። በማርች ወር ሂውስተን የ72 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ሰጠውና ሄደ። እኔ ብሆን እኔም የምሄድ ይመስለኛል። አሰልጣኝ ለአንዱ ክብር ሲያደርግ ከሌላው ላይ ነው የሚቀንሰው፣ ይሄ ነው ስራውን ከባድ የሚያደርገው፣ እና ኮከቡን ብቻ እያየን ስናለቅስ ወጣቱን እንረሳዋለን።

በኛ ኳስ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚበላሽ ደሞ ሮማ አለች። አምበሉ ቶቲና አሰልጣኙ ስፓሌቲ። ፌብሩዋሪ 2016፣ ማኒንግ ዋንጫውን በበላበት ወር፣ 39 ዓመቱ የሆነው ቶቲ ለጣሊያን ቴሌቪዥን ኢንተርቪው ሰጥቶ የበለጠ መከበር ይገባኛል አለ፣ ስፓሌቲ ደሞ በማግስቱ ከካምፕ ወደ ቤቱ ላከው። ከ20 ዓመት በላይ አንድ ማልያ የለበሰ ሰውዬ! ሁለቱም የሚነጋገሩት በጋዜጠኛ በኩል ነበር ማለት ይቻላል። በአፕሪል ከቶሪኖ ጋር ሮማ 2 ለ 1 እየተመራች በ86ኛው ደቂቃ አስገባው፣ ገና ከመግባቱ አገባ፣ ትንሽ ቆይቶ በፔናሊቲ ደገመ፣ 3 ለ 2። ያን ቀን ያየ ሰው ሁሉ አሰልጣኙን ሰደበ። እኔ ስፓሌቲን በማስቀመጡ አልወቅሰውም፣ ቶቲ 90 ደቂቃ መሮጥ አይችልም ነበር፣ ይሄ ግልፅ ነው። የምወቅሰው ግንኙነቱ እስከመጨረሻው እንደተኮማተረ መቅረቱን ነው፣ የቶቲ የመሸኛ ቀን ላይ እንኳን ደጋፊው ስፓሌቲን ያፏጭበት ነበር። የዛን ቀን፣ ሜይ 28 ቀን 2017 ከጄኖዋ ጋር፣ ቶቲ በ54ኛው ደቂቃ ሲገባ ቦታውን ለቆለት የወጣው ማን ነበር? መሀመድ ሳላህ።

እና ያ ሳላህ ዲሴምበር 6 ቀን 2025 ከሊድስ ጋር 3 ለ 3 ሲለያዩ ሙሉውን ጨዋታ ወንበር ላይ ነበር፣ በተከታታይ ለሦስተኛ ጨዋታ ነው ከቋሚ 11 ውጪ የሆነው። ወጥቶ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ጥፋቱን ሁሉ እኔ ላይ ሊጥሉ ነው፣ ከአሰልጣኙ ጋር የነበረን ግንኙነት ጠፍቷል አለ። በሊጉ 29 አግብቶ 18 አመቻችቶ ዋንጫ ከበላ አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር፣ ኮንትራቱንም ያራዘመው በዛው አፕሪል ነው። ለኢንተር ጨዋታ ከቡድኑ ቀነሱት፣ ከዛ ለብራይተን መለሱትና ተቀይሮ ገብቶ ጎል አመቻቸ። ሮናልዶንም አስታውሱ፣ ኦክቶበር 2022 ከቶተንሃም ጋር አልገባም ብሎ ጨዋታው ሳያልቅ ወደ መልበሻ ክፍል ሄደ፣ በወሩ ኮንትራቱ ተቀደደ። ሁለቱም ላይ የተጫዋቹ ጥፋት አለበት፣ ሮናልዶ ላይ በተለይ፣ ቡድንህ እየተጫወተ ጥለህ አትሄድም። ግን በሁለቱም ላይ ሰውዬው የመጨረሻውን ቃል ካሜራ ፊት ነው የተናገረው። ካሜራ ፊት ከመድረሱ በፊት ስንት ሳምንት አለፈ? በነዛ ሳምንታት በሩን ዘግቶ ያናገረው ሰው ነበር ወይ?

እኛም ጋ ደጋፊው ነገሩን ያከፋዋል። ፋሲለደስ ስታዲየም ውስጥ ያደግን ሰዎች እናውቀዋለን፣ አንድ የምንወደው ተጫዋች ወንበር ላይ ከሆነ ከወዲያ በኩል ስሙ ይነሳል፣ ከዛ ስታዲየሙ ሙሉ ይቀበለዋል፣ አሰልጣኙ ካስገባው በጩኸት አስገባ ይባላል፣ ካላስገባው ጠላት ይሆናል። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ አፄዎቹ ፋሲል ከነማዎች በ2013 ዓ.ም ዋንጫ ሲበሉም እኛ ጎንደር ሆነን በቴሌቪዥን ነው ያየነው፣ ጩኸቱ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ሄደ። እዛ ደሞ ይብሳል፣ ጨዋታው አልቆም አያበቃም፣ ሌሊት ሙሉ ነው፣ ተጫዋቹም ቤቱ ተኝቶ ያነበዋል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነው። የሰፈራችን ቡድን በየክረምቱ ውድድር ይገባል፣ ትልቅ ነገር አይደለም፣ ሽልማቱ ዋንጫና ማልያ ነው፣ ግን ለኛ ትልቅ ነው። አስር ቁጥራችን ልጅ እያለሁ ጀምሮ አስር ቁጥር ነው። አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ የቀኝ ጉልበቱ እንደሚያመው እሱ ባይናገርም ሲወርድና ሲወጣ እናያለን። ኳስ ሲነካ አሁንም ያው ነው፣ ያ ግራ እግር የትም አልሄደም፣ ግን ኳስ ሲቀማ ተመልሶ መከላከል ቀርቷል፣ የሱን ቦታ ሁለት ልጆች ይሮጡለታል። አሰልጣኙ የስፖርት አስተማሪ ነው፣ ደህና ሰው ነው፣ ታላቁን ስለሚያከብር መናገር ከበደው። ባለፈው ክረምት የግማሽ ፍፃሜው ቀን ታኬታውን አስሮ ጨርሶ ቁጭ ብሎ ማልያ ሲከፋፈል 10 ቁጥሩ ለ19 ዓመት ልጅ ተሰጠ። ለሱ 17 ደረሰው። ትልቁ ልጁ አጠገቡ ቆሟል፣ ውሃ ይዞለት የመጣ። ታኬታውን ፈታ፣ ልጁን ባጃጅ ላይ ጫነ፣ ሄደ። ጨዋታውን ተሸነፍን፣ ግን ብናሸንፍም ያው ነበር፣ ሰፈሩ ለሁለት ወር ተኮራረፈ።

ያስታረቋቸው የሰፈራችን አባባ ናቸው፣ እሳቸው ጓሮ ጠላ ቀርቦ። እኔም ነበርኩ። አሰልጣኙ ስለ ቡድኑ፣ ስለ ወጣቶቹ፣ ስለ ሩጫው ብዙ አስረዳ፣ ያለው ሁሉ እውነት ነበር። አባባ ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ለሱ ነግረኸው ታውቃለህ?» አሉት። አሰልጣኙ መሬት መሬት አየ። ቀጥሎ ወደ አስር ቁጥሩ ዞረው «አንተስ፣ ጉልበትህ ያምሃል አያምህም?» አሉ። «ኧረ ደህና ነኝ አባባ፣ ምንም አልሆንኩ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ጠላ ሊቀዳ ከበርጩማው ሲነሳ ግን ግድግዳውን በእጁ ገፍቶ ነው የተነሳው። አባባም «ይኸው፣ መለስክልኝ» አሉት።

ከዛ በኋላ ነው መነጋገር የጀመሩት። አሰልጣኙ ለመጀመሪያ ጊዜ «90 ደቂቃ አትችልም፣ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ግን ካንተ የተሻለ ሰው የለኝም፣ እየመራን ከሆነ ኳሷን ትይዝልኛለህ፣ እየተመራን ከሆነ ቅጣት ምቱ ያንተ ነው» አለው። ይሄን በክረምቱ መጀመሪያ ቢለው ኖሮ ምንም ባልተፈጠረ ነበር። አስር ቁጥሩ ቁጥሩን አልጠየቀም፣ አምበልነቱንም አልጠየቀም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ «እሺ ጋሼ፣ የማልሰለፍ ከሆነ ከዋዜማው ንገረኝ፣ ልጄ ፊት አይሁን።» በዕድሜ ይበልጠዋል፣ ግን ጋሼ አለው፣ አሰልጣኙ ነዋ።

ዘንድሮ ምዝገባው ከወዲሁ ተጀምሯል። 10 ቁጥሩን ያው ወጣቱ ነው የሚለብሰው፣ ልምምድ ላይ ቅጣት ምት ሲያስተምረው ያየሁት ራሱ ባለ 17 ቁጥሩ ነው፣ የት ጋ እንደሚቆም፣ እግሩን እንዴት እንደሚያዞር፣ ደጋግሞ። አሰልጣኙ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሰላለፍ ከአሁኑ ነግሮታል፣ ከወንበር ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ሜዳ ዳር ቆማችሁ ከአምስተኛው ደቂቃ ጀምሮ ስሙን እየጠራችሁ አሰልጣኙን የምታስጨንቁ የሰፈሬ ልጆች፣ በእናታችሁ ዘንድሮ ተዉ። መቼ እንደሚገባ ሁለቱም ያውቃሉ።